ትከሻዬ ጉም የሆነበት ቀን፦ ለውዝዋዜ አሰልጣኞች ግሩፕ ለመክፈት

መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባና የማስተምርበት አዳራሽ ተዘጋ። ሳሎኔ ውስጥ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋሁ። ስልኬን በስኳር ጣሳ አስደገፍኩና ለተማሪዎቼ የምልከው እስክስታ ቀረፅኩ። ከፍቼ ሳየው ፊቴ አለ፣ እጄ አለ፣ ትከሻዬ የለም። ትከሻዬ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ጉም ነው ያለው። ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራ የበላሁበት ትከሻ!

በዚያው ቀን አምስት የሙያ ጓደኞቼ ጋ ደወልኩ። «በኦንላይን እንዴት እየሆነላችሁ ነው?» ስል ሁሉም «አሪፍ ነው፣ ምንም አይል» አሉኝ። የአምስቱም ትከሻ ጉም እንደነበር የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። የእኛ ሙያ እንዲህ ነው። መድረክ ላይ ያደገ ሰው ቢስትም ፈገግ ብሎ ነው የሚወጣው። ለተመልካች ደግ ነገር ነው። እርስ በርስ ለመማማር ግን አይሆንም።

የቴሌግራም ግሩፑን የከፈትኩት ለዚህ ነው። አሁን አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ሀዋሳ ያሉ አሰልጣኞች አሉበት፤ ሜሪላንድ፣ እስራኤልና ዱባይ ያሉም አሉ። «እኛም ለአካባቢያችን እንክፈት፣ ከየት እንጀምር?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ የሠራሁትንም ያበላሸሁትንም ልጻፍ ብዬ ነው።

መቼ ይከፈታል?

ጥር ላይ አትክፈቱ። እኔ ጥር ላይ ከፍቼ ነበር። ጥር ሰርግ ነው። አሰልጣኙ ሁሉ ወይ ሙሽራና ሚዜ እያለማመደ ነው፣ ወይ ራሱ እየጨፈረ ነው። ሁለት ሰው «ሰላም» አለ፣ ሦስተኛው አውራ ጣት ላከ፣ ከዚያ ዝም። ግሩፑ ሞተ።

ሁለተኛው ሙከራዬ ዐቢይ ጾም የገባ ሰሞን ነበር። ሃምሳ አምስት ቀን ሰርግ የለም። የባህል ምሽት ቤቱም ይቀዘቅዛል። ተወዛዋዥ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን ያያል። ያኔ ጥያቄ ብታቀርቡ መልስ የሚሰጥ ሰው ታገኛላችሁ። የሙስሊም ሰርግ በሚበዛበት አካባቢ የምታስተምሩ ደግሞ ረመዳንን አስቡ፤ ሰዓቱን ከተራዊህ ሶላት በኋላ አድርጉት።

ማንን ልጥራ?

የቴሌግራም ግሩፕ 200,000 ሰው ይይዛል። ለእናንተ ለመጀመር ሰባት ይበቃል።

ሰባቱን ግን ምረጡ። መጀመሪያ ያሰባሰብኳቸው ስልክ የሚያውቁ ወጣቶች ብቻ ነበሩ። ስለ ሪንግ ላይትና ስለ ስታንድ ዋጋ ሲያወሩ ሰነበቱ፤ ስለ ውዝዋዜ ግን አንድ ቃል አልወጣም። ስልክ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ይበቃሉ። ሁለቱ ውዝዋዜውን ከነሥሩ የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ይሁኑ። ቀሪዎቹ እንደ እኔ መሃል ላይ የተንጠለጠሉ።

ማንንም ሳትደውሉ አትጨምሩ። ሰው ሳያውቀው የተጨመረበትን ግሩፕ ድምፁን አጥፍቶ ይረሳዋል። ደውላችሁ «አንድ ነገር ቸግሮኛል፣ አንቺ ታውቂዋለሽ» ብትሉ ግን ይመጣሉ። ትልልቆቹ ጋ በአካል ሂዱ። እኔ በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ያሰለጥኑ የነበሩ አንድ ጋሼ ቤት ቡና ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከሌሉበት ግሩፑ ባዶ ነው» አልኳቸው።

«እኔ ይሄን የእናንተን ስልክ ምን አውቄ ነው ልጄ? የእኔዋ እንደሆነች ባትሪዋ እንጂ ሌላ ነገር የላትም።»

እውነታቸውን ነው፤ ባለቁልፏን ስልክ ነው የያዙት። የልጅ ልጃቸውን ስልክ ተዋሱ። ዛሬ ከሁላችንም በላይ የሚደመጡት እሳቸው ናቸው። እመለስበታለሁ።

ለምን ቴሌግራም? ለምን ዋትስአፕ አይሆንም? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ከስድስት ወር በኋላ የገባ አባል የቆየውን ውይይት ሁሉ ማንበብ ይችላል፤ ይህን ከግሩፑ ማስተካከያ ላይ ክፍት አድርጉት። ሁለተኛ፣ ስልክ ቁጥርን መደበቅ ይቻላል። ሴት ተወዛዋዥ ለሆነች ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁጥሯ ከወጣ ማታ ማታ ማን እንደሚደውል እኛ እናውቃለን።

የመጀመሪያው ቪዲዮ የእናንተው ብልሽት ይሁን

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። የከፈተው ሰው መጀመሪያ የራሱን ብልሽት ካላሳየ ማንም አያሳይም። ምርጥ ቪዲዮአችሁን ከላካችሁ ጭብጨባ ይመጣል። ከዚያ ሁሉም ምርጡን ይልካል። ግሩፑ የውድድር መድረክ ይሆንና ያልቃል።

እኔ ያንን የጉም ቪዲዮ ላክሁ። ከሥሩ «ትከሻዬን ያያችሁ፣ ወሮታ እከፍላለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ተሳቀብኝ። ከሳቁ በኋላ ግን ዘመናዊ ዳንስ የሚያስተምር አንድ ልጅ መለሰ፦ «ቲቸር፣ ትከሻሽ ምንም አልሆነም። ብርሃን ነው ያነሰሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው እያንዳንዱን ምስል ለመያዝ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። እሱ አንዱን ምስል እስኪይዝ የእኛ ትከሻ ደርሶ ተመልሷል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ፤ መስኮቱ ከጀርባችሁ አይሁን። ስልካችሁ በሰከንድ 60 ምስል የሚይዝ ከሆነ ከ30 ወደ 60 ቀይሩት። ስልኩን ከወለሉ አንስታችሁ ወገባችሁ ቁመት ላይ አስቀምጡ። ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳችሁ ነጭ ግድግዳ ፊት አትቁሙ፤ እኔ ጥቁር ቲሸርት ለብሼ ነጠላውን ወገቤ ላይ አስራለሁ።

በማግስቱ ያኔ «አሪፍ ነው» ካሉኝ ጓደኞቼ አንዷ የራሷን ጉም ላከች። ግሩፑ የተወለደው ያን ቀን ነው እላለሁ።

እንደ ማኅበር ተራ ይኑረው

ወጣቶቹ «አድሚን እናብዛ፣ ደንብ እናውጣ፣ ሎጎ እናሠራ» ሲሉኝ እናቴ የምትጠጣውን የጽዋ ማኅበር አስታወስኩ። ስንት ዓመት ሳይፈርስ የቆየው በሎጎ አይደለም፤ በተራ ነው። የማን ተራ እንደሆነ ይታወቃል። ተረኛው ያዘጋጃል፣ ሌላው ይመጣል።

እኛም እንደዚያ አደረግን። በየሳምንቱ አንድ ተረኛ አለ። ተረኛ ከሠላሳ ሰከንድ የማይበልጥ ቪዲዮ ወይም አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ጥያቄው ማስተማርን የሚመለከት ይሁን እንጂ «ምርጡ አፕ የቱ ነው?» ዓይነት አይሁን። «ሰባት ዓመት የሆነች ልጅ በስልክ አንገቷን ብቻ እንድታንቀሳቅስ እንዴት ላድርግ?» ዓይነት ይሁን። ሌሎቻችን በሳምንቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ነገር እንመልሳለን። ሥራ የያዘው ተረኛ ተራውን ይለዋወጣል፣ ይቻላል። ሁለቴ በተከታታይ የዘለለ ሰው ግን ይደወልለታል። ብዙ ጊዜ ታሞ ወይም ተቸግሮ ነው የምናገኘው።

እንደ እድር ዳኛና ጸሐፊም አለን። ጸሐፊዋ በወር አንዴ የተመለሱ ጥያቄዎችን በአንድ መልእክት ሰብስባ ከላይ ትሰካዋለች። ይህቺ ሥራ ትንሽ ትመስላለች። ባትኖር ኖሮ «ትከሻዬ ጉም ሆነ» የሚለውን ጥያቄ በየወሩ እንመልስ ነበር።

ሌላው ደንብ ሦስት መስመር ነው። ቪዲዮ የሚልክ ሰው ከሥሩ ይጽፋል፦ የየት አካባቢ ውዝዋዜ ነው፣ ከማን ተማርኩት፣ በምን ቀረፅኩት። መሃለኛዋን መስመር ያመጣት ጠብ ነው። አንዱ «የጎንደር» ብሎ የላከውን ሌላዋ «ይሄማ የጎጃም ነው» አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ተናከሱ። ዳኛው መጨረሻ ላይ «የማን ነው ተዉትና ከማን ተማራችሁት?» ብሎ ጠየቀ። አንዷ ከአክስቷ፣ ደብረ ማርቆስ። አንዱ ከባህል ቡድን አለቃው፣ ጎንደር ከተማ። ሁለቱም እውነት ነው። ከአክስቴ ተማርኩ ያለን ሰው ማን ይሞግተዋል? እግረ መንገዱን «ሥራዬን ሰረቁብኝ» የሚለውም ክስ ቀነሰ፤ ምንጩን የጻፈ ሰው ሌባ አይባልም።

ተማሪዎቼ ሁሉ ምት ይስታሉ

ግሩፑን በደንብ ያጣበቀው ይህ ጥያቄ ነበር። አንዲት አሰልጣኝ በዙም የምታስተምራቸው የዳያስፖራ ልጆች ሁሉ ከምቱ ወደኋላ እንደሚቀሩ ነገረችን። አንድም ልጅ ከምቱ ጋር አይሄድም። ልጆቹን ስትቆጣ ከርማለች።

ልጆቹ ምንም አላጠፉም። ሙዚቃው ከእሷ ቤት ተነስቶ እነሱ ጋ ሲደርስ ይዘገያል። እነሱ በሰሙት ምት ይጨፍራሉ። ምስላቸው ወደ እሷ ሲመለስ እንደገና ይዘገያል። ስለዚህ በትክክል የሚሄደው ልጅ ለእሷ የዘገየ ነው። የባሰው ደግሞ፣ ለእሷ ልክ የመሰላት ልጅ እየቸኮለች ነው ማለት ነው። በዙም ምት አታርሙ። የሁሉንም ማይክ ዝጉ፣ አብራችሁ ለማጨብጨብ አትሞክሩ፣ ቅርፁን ብቻ ተመልከቱ። ምቱን ማየት ከፈለጋችሁ ልጁ እዚያው ቤቱ ሙዚቃውን ከፍቶ ይቀረጽና ይላክላችሁ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ዙም ከበሮን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። የእስክስታን «እስ! እስ!» ትንፋሽም ያጠፋዋል። ማስተካከያው ውስጥ ኦሪጅናል ሳውንድ የሚል አለ፤ እሱን አብሩት። ከበሮው ይመለሳል። ይህን ያገኘችው የሀዋሳዋ አባላችን ናት። ያን ሳምንት ተራዋ እንኳ አልነበረም።

ከድምፅ ወደ አቆጣጠር ገባን፤ እዚህ ላይ ነው ጋሼ የገቡት። ዘመናዊ ዳንስ የሚያስተምሩት ሁሉን ነገር እስከ ስምንት ይቆጥራሉ። እኛ የምንጨፍርበት ቺክቺካ የሚባለው ምት ግን ስድስት ስምንተኛ ነው፣ በስድስት በስድስት ይዞራል። ስምንት ብሎ የሚቆጥር ልጅ መሃል ላይ ይጠፋዋል። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። ጋሼ ዝም ብለው ሰንብተው አንድ ቮይስ ላኩ። ሃያ ሰከንድ ይሆናል። ቁጥር የለበትም። ምቱን በአፋቸው ነው የሚሉት፣ ትከሻ የሚሰበርበት ላይ ጠንከር፣ የሚመለስበት ላይ ላላ እያደረጉ። መጨረሻ ላይ «ልጆቼ፣ ይሄ ሲቆጠር አልሰማሁም፤ ሲባል ነው የሰማሁት» አሉ። አሁን ብዙዎቻችን ክፍል ስንጀምር ያን ቮይስ እናሰማለን። የእስራኤሏ አባላችን ለተማሪዎቿ ፍጥነቱን 75 በመቶ አድርጋ ታሰማለች። እዚያ እንግዲህ እስክስታ የራሱ የመድረክ ታሪክ አለው፤ ኮሪዮግራፈሯ ሩት ኤሼል በ1995 እ.ኤ.አ. ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «እስክስታ» የተባለ የዳንስ ቡድን መሥርታለች። አባላችን ከዚያ ወገን የምታመጣቸው ቃላት አንዳንዴ አይገቡንም፤ በቪዲዮ ስታሳየን ይገባናል።

ስለዚህ ቮይስ ፍቀዱ። መጻፍ የሚከብዳቸው ሰዎች ብዙ የሚያውቁት ናቸው። ከአንድ ደቂቃ ግን አይለፍ። ሰባት ደቂቃ ቮይስ ማን ይሰማል?

ሁለት ሰዓት የማን ሁለት ሰዓት ነው?

በወር አንዴ በቀጥታ እንገናኛለን። ቅዳሜን የእስራኤሏ ሰንበቷ ሳይወጣ ስለማትችል ትተን እሁድ አደረግን። ሐምሌ ላይ ነው፤ «እሁድ 2 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። በእኔ ቤት ምሽት 2 ሰዓት ማለቴ ነው። የእስራኤሏ በሷ ሰዓት 2 ላይ፣ እኛ ጋ ቀን 8 ሰዓት ማለት ነው፣ የምሳ ሰዓቷን አቃጥላ ባዶ ዙም ላይ ተቀመጠች። የሜሪላንዷም እንዲሁ በሷ 2 ላይ ገባች። እኛ ጋ ምሽት 3 ሆኗል፤ ሰላም ብላን ሰላም ብለን ዘጋን።

አሁን ሰዓቱን በየሰው አገር እየለየን እንጽፋለን፣ ቀን ወይም ማታ ብለን። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ግድም ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ናቸው፣ ሌላውን ጊዜ 8። እስራኤል በእነሱ በጋ ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደኋላ። ዱባይ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ይቀድመናል። እኛ አንቀያይርም፤ እነሱ ሲቀያይሩ ጸሐፊዋ ታስታውሰናለች።

ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይዘጋል። ለመክፈል አዋጥተን ነበር፣ ተውነው። አርባ ደቂቃ መሆኑ ንግግር ያሳጥራል። ከዚያ ያለፈ ወሬ ቡና ላይ ይሁን።

ካርድ የሚበላ ግሩፕ ዕድሜ የለውም

አንድ ደቂቃ ጥራት ያለው ቪዲዮ 60 ሜጋባይት አካባቢ ይመጣል፣ እንደ ስልኩ ከዚያም በላይ። አርባ ሰው ቢልክስ? አንድ አባላችን «ግሩፑን እወደዋለሁ፣ ጥቅሌ ግን አይወደውም» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አባል ሲገባ መጀመሪያ የምናሳየው ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ማጥፋትን ነው። ለማየት ብቻ የሚላከው እንደ ተራ ቪዲዮ ይላክ፣ ቴሌግራም ራሱ ይጨምቀዋል። እግር በእግር እያቆምን የምናጠናው ግን እንደ ፋይል ይላክ፣ ጥራቱ እንዳለ ይደርሳል። ትልልቁን የሌሊት ጥቅል ያለው ሰው ሌሊት ይጭናል።

ስለ ልጆች ቀልድ የለም። የተማሪ ልጅ ፊት ወላጅ በጽሑፍ ካልፈቀደ ግሩፑ ላይ አይወጣም። አሰልጣኙ ራሱ ሆኖ ያሳይ፣ ወይም ከጀርባ ይቅረጽ። ማስተላለፍና ማስቀመጥ የሚከለክለውን የቴሌግራም ማስተካከያም አብርተናል። በሌላ ስልክ ስክሪኑን የሚቀርጽን ሰው እንደማያቆመው እናውቃለን፤ ለዚህ ነው የማናውቀውን ሰው የማናስገባው። ሊንኩ ሲከፈት ዳኛው እስኪፈቅድ ያስጠብቃል። ይህን ካላደረጋችሁ በሳምንት ውስጥ ስለ ቢትኮይን የሚሰብክ እንግዳ ይመጣላችኋል።

የካቲት 2015 ላይ ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አልከፍት አለ፣ ለወራት። ግማሹ ሰው ጠፋ። ጸሐፊዋ ስልክ ቁጥራችንን በደብተር ጽፋ ስለነበር እየደወለች ሰበሰበችን። ተራውም አልተቋረጠም፤ ጥያቄው በስልክ አጭር መልእክት ይላክ ነበር፣ ቪዲዮው ይቆይ ብለን። እናንተም ደብተር ያዙ። የወረቀት።

ስለ ክፍያ ብዙ አልልም። ሥራ የሚለጠፍበት የተለየ ክፍል ይኑር፣ ዋጋ ይጻፍበት። «ዋጋ በውስጥ» የሚል ማስታወቂያ እናጠፋለን።

የዚህ ሳምንት ተረኛ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የጉራጌ ጭፈራ የሚያስተምር ልጅ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ እግሬ ወለሉን ሲመታ ተማሪዎቼ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ፣ ከታች ያሉት እትዬ ደግሞ እንዳይሰሙት እፈልጋለሁ። እስካሁን ዘጠኝ መልስ ደርሶታል። አንዱ ምንጣፍ አንጥፍና ማይኩን እግርህ ሥር አድርግ ይላል። ጋሼ «እትዬን ጋብዛቸው» ብለዋል።